ውሃው የታየበትና ውሃው የገባበት

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




ክረምት በገባ ቁጥር ወደ ጋራዥ ከሚመጡት አቤቱታዎች አንዱ «መኪናዬ ውሃ ያስገባል» የሚለው ነው። አቤቱታው አጭር ነው፤ የሚሰጠው መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአቤቱታው ያጠረ ይሆናል። ባለንብረቱ የራሰውን ምንጣፍ ያሳያል፤ ሠራተኛው ከራሰው ስፍራ በላይ ያለውን መስታወት ቀና ብሎ ይመለከታል፤ በመስታወቱ ዙሪያ ሲሊኮን ይቀባል፤ ሂሳብ ይከፈላል፤ መኪናው ይወጣል። በሳምንቱ ዝናብ ሲመጣ ያው ምንጣፍ እንደ ገና ይርሳል። ባለንብረቱ ወደ ሌላ ጋራዥ ይሄዳል፤ እዚያም በመጀመሪያው ሲሊኮን ላይ ሁለተኛ ሲሊኮን ይደረብለታል። በዚህ ዓይነት ክረምቱ ያልፋል፤ በጋው የምንጣፉን ገጽ ያደርቀዋል፤ ነገሩም ይረሳል። ከምንጣፉ በታች ያለው ላሜራ ግን አይረሳም።

የዚህ ንግግር ዐቢይ ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በመኪና ውስጥ ውሃ የታየበት ስፍራና ውሃ የገባበት ስፍራ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህ የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል መፈለጉ ነው። መድፈኛው በዋጋ ርካሽ ነው፤ ለመቀባትም ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ፍለጋው ግን ጊዜን፣ ትዕግሥትንና ሥርዓትን ይጠይቃል። ባለሙያ ከባለሙያ የሚለየውም፣ ደንበኛ ሊከፍልበት የሚገባውም ይኸው ፍለጋ ነው።

ውሃ ስለሚያታልልበት መንገድ

ውሃ ወደ ታች መውረዱ የታወቀ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይወርዳል ማለት ግን አይደለም። አንድ ጠብታ በጣራው ላሜራ ሥር ተለጥፎ፣ በኤሌክትሪክ ገመድ ላይ ተንሸራቶ፣ ወይም በጣራው ልባስ ጀርባ ተሰውሮ ከገባበት ስፍራ አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ይጓዛል፤ በመጨረሻም አንድ ጠርዝ ወይም አንድ ብሎን ሲያገኝ ይንጠባጠባል። ተመልካቹ የሚያየው ጉዞው ያበቃበትን ስፍራ ነው። በኋላ መቀመጫ እግር ሥር የተጠራቀመ ውሃ ከፊት መስታወት ጥግ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ በዕቃ መጫኛው ወለል ላይ የተኛው ውሃ ደግሞ ከጣራው የላሜራ መጋጠሚያ ጀምሮ የወረደ ሊሆን ይችላል።

ከዚህም በላይ ውሃ ጠባብ ክፍተትን ይወዳል። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው ሁሉ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅም በዙሪያው ያለውን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ «ይህ ስንጥቅ ትንሽ ነው፤ ይህን ያህል ውሃ አያስገባም» ብሎ ማለፍ አይገባም።

መኪናው የቆመበት አኳኋንም የውሃውን መንገድ ይለውጣል። አዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አዙሮ የሚያድር መኪና ከፊት የገባውን ውሃ ወደ ኋላ ይልከዋል፤ ወደ ቁልቁለት ዞሮ የሚያድረው ደግሞ በተቃራኒው። በጋራዡ ደልዳላ ወለል ላይ ያልታየ ፍሳሽ መኪናው በሚያድርበት ዳገት ላይ ሊታይ ስለሚችል፣ ባለንብረቱ መኪናውን የት እንደሚያሳድርና ፊቱን ወዴት አዙሮ እንደሚያቆም መጠየቅ የፍተሻው መጀመሪያ ነው።

አንዳንዱ ፍሳሽ ደግሞ መኪናው ቆሞ ሳለ ፈጽሞ አይታይም። ጎማው ከመንገድ የሚረጨው ውሃ በወለሉ ላይ የወለቀ መድፈኛ ጎማ ወይም በፓራፋንጎው ውስጥ የተከፈተ የላሜራ መጋጠሚያ አግኝቶ የሚገባው በጉዞ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ «ውሃው የሚታየው ቆሞ ሲያድር ነው ወይስ በዝናብ ከተነዳ በኋላ?» የሚለው ጥያቄ የግማሽ ቀን ድካም ያስቀራል።

የመኪና አካል ውሃን የሚያስተናግድበት ዘዴ

ብዙ ባለንብረቶች፣ አንዳንድ ባለሙያዎችም ጭምር፣ መኪና እንደ ጠርሙስ የተደፈነ ዕቃ ይመስላቸዋል። መኪና ይበልጥ የሚመስለው አሸንዳ የተበጀለትን የቤት ጣራ ነው። ሠሪዎቹ የዝናቡ ውሃ በከፊል ወደ አካሉ ውስጥ እንደሚዘልቅ አስቀድመው ያውቃሉ፤ ስለዚህ መውጫ አዘጋጅተውለታል።

በመጀመሪያ በሩን እንመልከት። ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰው መስታወት በሁለት ጎማዎች መካከል ያልፋል። ጎማዎቹ አብዛኛውን ውሃ ይጠርጋሉ እንጂ ሁሉንም አያግዱም። የቀረው ውሃ በበሩ ሆድ ውስጥ ወርዶ በበሩ ታችኛ ጠርዝ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ይህ ውሃ ወደ ተሳፋሪው ክፍል እንዳይሻገር ከበሩ የውስጥ ልባስ ጀርባ የላስቲክ ሽፋን ተለጥፏል። መስታወት ማውጫው ወይም የሙዚቃ ድምፅ ማጉያው ሲጠገን ይህ ሽፋን ተቀዶ ወይም በሚገባ ሳይለጠፍ ከቀረ፣ ውሃው በልባሱ ሥር ወጥቶ ወደ ምንጣፉ ይወርዳል። የበሩ የታች ቀዳዳዎች በጭቃ ከተደፈኑም ውሃው በበሩ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በር ሲከፈትና ሲዘጋ የሚሰማው የውሃ መንቦጫረቅ የዚህ ምልክት ነው።

ሁለተኛው ከኮፈኑ ጀርባ፣ ከዝናብ መጥረጊያዎቹ ሥር ያለው ገንዳ ነው። ከፊት መስታወት ላይ የሚወርደው ዝናብ በሙሉ ወደዚህ ገንዳ ገብቶ በግራና በቀኝ ባሉት መውረጃዎች ወደ መሬት ይፈስሳል። ለተሳፋሪዎች የሚያስፈልገው ንጹሕ አየር የሚገባውም በብዙ መኪኖች ከዚሁ ገንዳ ነው። መውረጃዎቹ ሲደፈኑ ውሃው ከፍ ብሎ በአየሩ መግቢያ በኩል ወደ ነፋሻው ሞተር ይገባል፤ ከዚያም ወደ ፊተኛው ተሳፋሪ እግር ሥር ይወርዳል። በአገራችን የዚህ ምክንያት ሩቅ አይደለም። የባሕር ዛፍና የጽድ ቅጠል፣ የጃካራንዳ አበባ፣ ከበጋው አቧራ ጋር ሆኖ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በዚህ ገንዳ ውስጥ ይከማቻል። የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ሁሉም ወደ ጭቃነት ይለወጥና መውረጃውን እንደ ቡሽ ይደፍነዋል።

ሦስተኛው በጣራቸው ላይ የሚከፈት መስታወት ያላቸው መኪኖች ጉዳይ ነው። በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ጎማ ውሃን ሙሉ በሙሉ እንዲያግድ አልተሠራም። ከጎማው ያመለጠውን ውሃ አንድ ገበታ ይቀበለዋል፤ ከገበታው ማዕዘኖችም ቀጫጭን ቱቦዎች በጣራው ምሰሶዎች ውስጥ አልፈው ወደ ውጭ ያወጡታል። ቱቦው ሲደፈን ወይም ከመጋጠሚያው ሲወልቅ ውሃው በጣራው ልባስ ላይ ይፈስሳል። ይህን አይቶ የጣራውን መስታወት ዙሪያውን በሲሊኮን መለጠፍ፣ አሸንዳው የተደፈነበትን ቤት ቆርቆሮ እንደ መለወጥ ይቆጠራል።

እንግዲህ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው በተዘጋ መውጫ ላይ ነው። መግቢያ ከመድፈን በፊት መውጫዎቹ ሁሉ ክፍት መሆናቸውን ማረጋገጥ የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ደንብ ሊሆን ይገባዋል።

ውሃው ራሱ ስለሚሰጠው ምስክርነት

ማናቸውም መሣሪያ ከመነሣቱ በፊት የተገኘው ውሃ ራሱ ሊመረመር ይገባል። በነጭ ጨርቅ ወይም በነጭ ወረቀት ተነክሮ ቀለሙ፣ ሽታውና ልስላሴው ይታያል።

ውሃው ቀለም ኖሮት፣ በጣት ሲነካ የሚያሙለጨልጭና ጣፋጭ የሚመስል ሽታ ያለው ከሆነ፣ ከዝናብ ጋር ግንኙነት የለውም። ከማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ወይም ከቱቦዎቹ የሚፈስስ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። የፊት መስታወቱ ከውስጥ በኩል ቅባት መሰል ጉም ሲለብስና በሞተሩ ክፍል ያለው የማቀዝቀዣ ዕቃ መጠን ሲጎድል ጥርጣሬው ይረጋገጣል። ይህን በቸልታ ማለፍ ሞተሩን ለመጋል አደጋ ያጋልጣል። ከዚህም ሌላ ፈሳሹ አብዛኛውን ጊዜ ኤቲሊን ግላይኮል ያለበት መርዝ ስለሆነ፣ ሕፃናትና የቤት እንስሳት በሚደርሱበት ስፍራ ሊፈስስ አይገባውም።

ውሃው ንጹሕና ሽታ የሌለው ሆኖ የሚታየው ኤር ኮንዲሽነር ከሠራ በኋላ ብቻ ከሆነ፣ በማቀዝቀዣው ላይ ከአየሩ እርጥበት የተጠራቀመው ውሃ መውጫ ቱቦ ተደፍኗል ማለት ነው። ይህ ዓይነት ችግር ከአዲስ አበባ ይልቅ ኤር ኮንዲሽነር ቀኑን ሙሉ በሚሠራባቸው ቆላ ቦታዎች፣ በተለይም የባሕሩ አየር እርጥበት በሚበዛበት በጅቡቲ በኩል በሚመላለሱ መኪኖች ላይ ይታያል። ጤነኛ መኪና ኤር ኮንዲሽነሩ ሲሠራ ከሥሩ ውሃ ያንጠባጥባል። በሙቀትና በእርጥበት አገር ከሥሩ ምንም ሳያንጠባጥብ ምንጣፉ የሚርስ መኪና መልሱን ራሱ ሰጥቷል።

ውሃው የሚታየው ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ ሆኖ ጥቂት አፈር ያዘለ ከሆነ ከውጭ የገባ ነው፤ ከዚህ በታች የሚዘረዘረው ፍተሻም የሚመለከተው ይህንኑ ነው። አራተኛም አለ፤ ይኸውም ምንም ሽንቁር ሳይኖር በብርድ ሌሊት ከተሳፋሪዎች ትንፋሽና ከእርጥብ ልብስ የሚጠራቀም ጤዛ ነው። ጤዛ መስታወትን ያጨልማል፣ የጣራውን ላሜራ ከውስጥ ያረጥባል፤ ምንጣፍን ግን አያጥለቀልቅም።

የፍተሻው ሥርዓት

የዝናብ ውሃ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ፍተሻው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢካሄድ ውጤቱ አስተማማኝ ይሆናል።

በመጀመሪያ የተጠረጠረው ክፍል ይገለጣል። ምንጣፉ ከነስፖንጁ ይነሣል፤ የበሩ ደፍ ልባስና የጎን ልባሶች ይወልቃሉ። ምንጣፍ ሳይነሣ የሚደረግ ፍተሻ ልብስ ሳያስወልቁ ቁስል እንደ መመርመር ነው። ቀጥሎ የተገለጠው ላሜራ በጨርቅ ይደርቃል፤ የዱቄት ጠመኔ ይነሰነስበታል፤ ወይም ደረቅ ወረቀት ይነጠፍበታል። በጠመኔው ላይ የሚወርድ ጠብታ መንገዱን ጽፎ ያልፋል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ከውጭ ውሃ የሚያፈስስ፣ ሌላው ከውስጥ የእጅ ባትሪ ይዞ የሚመለከት። ውሃው የሚፈስሰው በተራ ቱቦ፣ በዝናብ ጉልበት ነው። የላቫጆ ፓምፕ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጉልበቱ ዝናብ በማይገባበት ጤነኛ ጎማ ሥር ውሃን ስለሚያስገባ ንጹሑን ጥፋተኛ ያደርጋል።

ውሃ ማፍሰሱ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። በመጀመሪያ የበሩ ታችኛ ክፍል፣ ቀጥሎ የበሩ መስታወት ጠርዝ፣ ቀጥሎ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለው ገንዳ፣ ቀጥሎ የፊት መስታወቱ ግርጌ፣ ከዚያም ጎኖቹና አናቱ፣ በመጨረሻም ጣራው ይፈተሻል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጣራው አስቀድሞ ቢርስ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ስፍራ ስለሚያረጥብ ጥፋተኛውን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። በእያንዳንዱ ስፍራ ላይ ለብዙ ደቂቃዎች መቆየትም ያስፈልጋል፤ ውሃ ረጅም መንገድ ተጉዞ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳልና። ችኩል ፈታሽ ቱቦውን ወደ ሁለተኛው ስፍራ ካሻገረ በኋላ የመጀመሪያው ስፍራ ውሃ ብቅ ይልና ጥፋቱ በሁለተኛው ላይ ይጫናል።

የበር ጎማዎች በወረቀት ይፈተሻሉ። ቁራጭ ወረቀት በበሩና በጎማው መካከል ተደርጎ በሩ ይዘጋል፤ ወረቀቱ ሲሳብ መያዝ አለበት። ያለ ምንም መጎተት የሚወጣበት ስፍራ ጎማው የሟሸሸበት ወይም በሩ የተዛነፈበት ነው። በውሃ ያልተገኘ ፍሳሽ በአየር ሊፈለግ ይችላል። በሮቹና መስታወቶቹ ተዘግተው የነፋሻው ሞተር ከውጭ አየር እየሳበ በሙሉ ኃይሉ እንዲሠራ ይደረጋል፤ ከኋላ ባምፐር ጀርባ ያሉት የአየር መውጫ ክዳኖች ለጊዜው ይሸፈናሉ፤ በተጠረጠሩት መጋጠሚያዎች ላይ ከውጭ የሳሙና ውሃ ይቀባል። አየር ሲወጣ አረፋ ይነሣል፤ አየር የሚወጣበትም ቀዳዳ ውሃ የሚገባበት ነው።

ከዕቃ መጫኛው የሚገኝ ውሃ ሲሆን ደግሞ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ በውስጡ ሆኖ ቢመለከት ከሁሉም ይሻላል፤ ክዳኑን ከውጭ በኩል ወዲያው የሚከፍት ሌላ ሰው ከአጠገቡ ሳይለይ መቆም ግዴታ ነው። የኋላ መብራቶች ጎማ፣ የክዳኑ ማጠፊያ፣ የአንቴና መትከያና ቀድሞ በተናወጠ መጋጠሚያ ላይ የተደረገ የባቲላሜራ ሥራ በተለይ ሊታዩ ይገባል።

የተገኘውን ስለ መጠገን

የተደፈነ መውረጃ በእጅ፣ በለስላሳ የፕላስቲክ ክርና በጥቂት ውሃ ይከፈታል። በጣራ መስታወት ቱቦዎች ውስጥ የኮምፕረሰር አየር በሙሉ ጉልበቱ መንፋት ቱቦውን በምሰሶው ውስጥ ከመጋጠሚያው ሊያወልቀው ስለሚችል አንዱን ጥፋት በሌላ መለወጥ ይሆናል። የበሩ የላስቲክ ሽፋን በቡቲል ማጣበቂያ ይለጠፋል፤ የተቀደደው ይለወጣል። የላሜራ መጋጠሚያ ሲከፈት አሮጌው መሙያ ተፍቆ፣ ዝገቱ ተነሥቶ፣ ስፍራው ደርቆና ፀረ ዝገት ቀለም ተቀብቶ ነው አዲሱ መሙያ የሚደረገው። በእርጥብና በዛገ ላሜራ ላይ የተደረገ መሙያ ውሃውን ከውስጥ አምቆ ይይዘዋል።

የፊት መስታወት ነገር ከሁሉ የላቀ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በድሮዎቹ መኪኖች፣ ለምሳሌ ዛሬም በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በሚታየው ክቡ ቮልስዋገን፣ መስታወቱ በወፍራም ጎማ ውስጥ የተቀመጠ ነው። በብዙ ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚወርደው የአዲስ አበባ ፀሐይ ጎማን ያደርቃል፤ ይሰነጥቃል። የደረቀ ጎማ በመቀባት አይድንም፤ መለወጥ አለበት። በዚህ መኪና ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሆነ፣ ወደ ወለሉ የወረደ ውሃና ከባትሪው የሚፈስስ አሲድ ተባብረው የባትሪውን መቀመጫ ላሜራ እንደሚበሉት ይህን መኪና የጠገነ ሁሉ ያውቀዋል።

በዛሬዎቹ መኪኖች ግን መስታወቱ በፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ከላሜራው ጋር ተያይዞ የአካሉ አንድ ክፍል ሆኗል። መኪናው ሲገለበጥ ጣራው እንዳይደፈጠጥ ያግዛል፤ በብዙ መኪኖችም የተሳፋሪው ኤርባግ ሲከፈት ተደግፎ የሚነፋው በዚሁ መስታወት ላይ ነው። ስለዚህ በመስታወቱ ጠርዝ ውሃ ሲገባ ማጣበቂያው ይዞታውን መልቀቁን ወይም ሥሩ ያለው ላሜራ መዛጉን ያመለክታል። ከላይ በሲሊኮን ሲቀባ ውሃው ምናልባት ይቆማል፤ ምልክቱ ይጠፋል፤ አደጋው ግን በስፍራው ይቆያል። ተራው፣ የሆምጣጤ ሽታ ያለው ሲሊኮን ደግሞ ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ ባዶ ላሜራን ያዝጋል፤ ቅሪቱም በኋላ ትክክለኛው ማጣበቂያ እንዳይዝ ያደርጋል። ትክክለኛው ጥገና መስታወቱን ማውጣት፣ ዝገቱን ማጽዳት፣ ላሜራውን መቀባት፣ በተገቢው ማጣበቂያ መልሶ መትከልና አምራቹ የወሰነው የመድረቂያ ጊዜ ሳያልፍ መኪናውን ለመንገድ አለመስጠት ነው።

ካቆመ በኋላ ስለሚቀረው ውሃ

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባላል። ፍሳሹ ከቆመ በኋላ በመኪናው ውስጥ የቀረው ውሃ ሥራውን ይቀጥላል። የምንጣፉ ገጽ ደርቆ ሳለ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ብዙ ሊትር ውሃ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ወለሉ ከውስጥ ይዝጋል፤ ሻጋታ ያድጋል፤ ሽታውም የተሳፋሪውን ጤና ያውካል። ስለዚህ ምንጣፉና ስፖንጁ ከመኪናው ወጥተው ለብቻቸው መድረቅ አለባቸው። በክረምት ፀሐይ ስለማይገኝ በነፋሻና በማሞቂያ ማድረቅ ያስፈልጋል። በሥራው መዘግየት ባለንብረቱ ቅር ቢለው እንኳ በእርጥብ ስፖንጅ ላይ ምንጣፍ መልሶ ማንጠፍ አይገባም።

የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በድሮው መኪና ከምንጣፉ ሥር የሚያልፈው ጥቂት ሽቦ ነበር። በዛሬው መኪና ግን የኤርባግ ማያያዣዎች ከመቀመጫው ሥር፣ የልዩ ልዩ መቆጣጠሪያ ሳጥኖች በእግር ሥርና በጎን ልባሶች ጀርባ ይገኛሉ። የረጠበ ማያያዣ በመዳቡ ላይ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል፤ ጥፋቱም ውሃው ከደረቀ ከወራት በኋላ ምክንያቱ በማይታወቅ ብልሽት ይገለጻል። ስለዚህ በራሰ መኪና ውስጥ ያለ ማያያዣ ሁሉ ተከፍቶ መታየትና መጽዳት አለበት። መቀመጫ ከመነሣቱና የኤርባግ ማያያዣ ከመነካቱ በፊትም የባትሪው ገመድ ተፈትቶ አምራቹ ያዘዘው የጥበቃ ጊዜ ሊያልፍ ይገባል።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከወሰነ ወዲህ ወደ ጋራዥ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። ለእነዚህ መኪኖች ከዚህ በላይ የተገለጸው የፍተሻ ሥርዓት አይለወጥም፤ መስታወቱ፣ በሩና ገንዳው ያው ነው። የሚለወጠው የጥንቃቄው ደረጃ ነው። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያስተላልፉ ስለሆኑ፣ ለዚሁ ሥራ ከሠለጠነ ባለሙያ በቀር ማንም ሊነካቸው አይገባም። ወለሉ በውሃ የተጥለቀለቀ የኤሌክትሪክ መኪና የባትሪው ክፍል ደህንነት በሠለጠነ ሰው ሳይረጋገጥ ሊነዳም ሆነ ከቻርጅ ጋር ሊያያዝ አይገባም።

ስለ ፍለጋው ዋጋ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። የፊተኛው ተሳፋሪ እግር ሥር የሚርስበት አንድ የቤት አውቶሞቢል መጣ እንበል። ባለሙያው ምንጣፉን አነሣ፤ ውሃውን አሸተተ፤ ጠመኔ ነሰነሰ፤ ከታች ወደ ላይ ውሃ አፈሰሰ። በሩ ንጹሕ ሆነ። ቱቦው ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ወዳለው ገንዳ ሲደርስ ውሃው ከነፋሻው ሞተር በኩል ተንጠባጠበ። ገንዳው ሲገለጥ አንድ እፍኝ የበሰበሰ ቅጠል ተገኘ። ቅጠሉ ተነሣ፤ መውረጃው ተከፈተ፤ ውሃው ቆመ። አንድም ዕቃ አልተለወጠም። ባለንብረቱ ሂሳቡን ሲያይ «ቅጠል ለማንሣት ይህን ያህል?» ቢል ምን መልስ ይሰጠዋል?

ሙያውን የሚጎዳው ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለመኖሩ ነው። በብዙ ጋራዦች ዋጋ የሚቆረጠው ለተለወጠ ዕቃና ለተቀባ ነገር ነው፤ ለፍለጋ ዋጋ አይቆረጥም። ስለዚህ ሦስት ሰዓት የፈለገው ታማኝ ሠራተኛ ባዶ እጁን ይቀራል፤ በዐሥር ደቂቃ ሲሊኮን የቀባው ደግሞ ሂሳቡን ይቀበላል። በዚህ አሠራር ሠራተኛው ወደ ግምት ቢያዘነብል በእርሱ ብቻ ሊፈረድ አይገባም፤ አሠራሩ ራሱ ለግምት ይከፍላል፤ ለእውቀት አይከፍልም። ኪሳራው በመጨረሻ የሚወድቀው በባለንብረቱ ላይ ነው። ለሲሊኮኑ ሦስት ጊዜ ይከፍላል፤ በአራተኛው ዓመት ለወለሉ ብየዳና ለነፋሻው ሞተር ይከፍላል።

ስለዚህ የማኅበሩ አባላት በየጋራዦቻቸው ሦስት ነገሮችን ቢያጸኑ ጥቅሙ የጋራ ይሆናል። አንደኛ፣ የፍተሻ ዋጋ ከጥገና ዋጋ ተለይቶ አስቀድሞ ለባለንብረቱ ይነገር፤ የተገኘው ጥፋት ትልቅም ይሁን ትንሽ የፍተሻው ዋጋ የማይለወጥ መሆኑም ይገለጽለት። ሁለተኛ፣ ውሃው የታየበትና ውሃው የገባበት ስፍራ፣ የተሠራውም ሥራ በጽሑፍ ተመዝግቦ አንዱ ቅጂ ለባለንብረቱ ይሰጥ፤ ሌላው በጋራዡ ይቀመጥ። በዚህ ዓይነት መኪናው ወደ ሌላ ጋራዥ ቢሄድ እንኳ ሁለተኛው ባለሙያ ከባዶ አይጀምርም። ሦስተኛ፣ ጥገናው ካለቀ በኋላ ያው የውሃ ፍተሻ በባለንብረቱ ፊት ይደገም። ቱቦው ውሃ እያፈሰሰ ወለሉ ደረቅ ሆኖ ያየ ሰው ስለ ዋጋው ብዙ አይከራከርም።

ከእነዚህ ጋር አንድ ቀላል ልማድ ቢታከል መልካም ነው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ለዘይት ለውጥም ሆነ ለፍሬን ወደ ጋራዥ የገባ መኪና ሁሉ ኮፈኑ እንደ ተከፈተ ገንዳው ይጠረግ፤ የበሮቹ የታች ቀዳዳዎችም በቀጭን እንጨት ይነኩ። ይህ ከዐሥር ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ሲሆን፣ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚመጣውን አቤቱታ በእጅጉ ይቀንሳል። ጀማሪ ሠራተኞችም ይህን ሥራ ከመጀመሪያው ቀን ቢማሩ፣ ውሃ በመኪና ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ በዓይናቸው እያዩ ያድጋሉ፤ ሲሊኮን ከማንሣታቸው በፊትም «ውሃው ወዴት መውጣት ነበረበት?» ብለው መጠየቅ ይለምዳሉ።